ቁልፉ ለማን ይሰጥ? ስለ ኪራይ ቤት አስተዳዳሪ አቀጣጠር የቀረበ ዲስኩር



ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ሐበሻ ሁለት የሚያከራያቸው ቤቶች አሉት እንበል። አንደኛው ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ያለ ታውን ሃውስ ነው። ሁለተኛው አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ አካባቢ ዓመታት ፈጅቶ ያሠራው ጂ ፕላስ ዋን ነው። የአሌክሳንድሪያውን ቤት የሚያስተዳድርለት ፈቃድ ያለው ድርጅት ነው። ሰውዬው ከመፈረሙ በፊት ውሉን ገጽ በገጽ አንብቧል፣ ሌሎች ደንበኞችን ጠይቋል፣ በየወሩ ስለሚቆረጥበት ኮሚሽን ተከራክሯል። የሲኤምሲውን ቤት ግን ለአክስቱ ልጅ በስልክ አስረከበ። «አደራህን» አለ፤ «ኧረ ምን ችግር አለው» ተባለ፤ በዚሁ አለቀ። ሰውዬው በምናብ የተፈጠረ ነው፤ ሆኖም በዚህ አዳራሽ ውስጥ የእሱን ብጤ የማያውቅ ሰው ይኖራል ብሎ መገመት ይከብዳል።

ለሁለቱ ቤቶች የተሰጠው ጥንቃቄ የተለያየው ሰውዬው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። በአንደኛው አገር ቤት ማስተዳደር የታወቀ ሙያ ሲሆን በሌላኛው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የዘመድ ውለታ ሆኖ ስለቆየ ነው። ለዚህም የአገራችን ታሪክ የራሱ ድርሻ አለው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ፤ የግል አከራይና ተከራይ የሚባለው ግንኙነትም ቀረ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ወደሚባለው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። ዝቅተኛ ኪራይ ይከፍሉ ለነበሩ ተከራዮች ኪራዩ በአዋጅ ተቀነሰ። ለደሃው ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቤቱ ራሱ ግን ተጎዳ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ጥቂት ብር ሆኖ ሲቆይ ቆርቆሮ መቀየሪያ፣ ጭቃ መምረጊያ ከየት ይመጣል? ኪራይ የሚሰበስብ ነበር፤ ቤቱን የሚያስተዳድር ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ያደገው ትውልድም «ቤት ማስተዳደር» ሲባል ወር ጠብቆ ገንዘብ መቀበል ብቻ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ከ1983 በኋላ የግል ኪራይ ሲመለስ ባዶ ቦታውን የሞላው ደላላ ነው። ደላላን ማማት የከተማ ሰው ልማድ ሆኗል፤ ሥራው ግን ሥራ ነው። ተከራይ ያመጣል፣ ያስማማል፣ ኮሚሽኑን ይቀበላል። ችግሩ የሚመጣው ባለቤቱ ይኸንኑ ሰው አስተዳዳሪ ሲያደርገው ነው። ደላላው የሚያገኘው ቤት ሲከራይ ነው። ተከራዩ አራት ዓመት ተረጋግቶ ቢኖር ለባለቤቱ በረከት፣ ለደላላው ደረቅ ጊዜ ነው። ስለዚህ ስድስት ወር ሳይሞላ «ከዚህ የበለጠ የሚከፍል አግኝቻለሁ» ብሎ ይደውላል። የቤቱ ባለቤት ጭማሪውን ያያል፤ በመሃል ቤቱ ባዶ የሚከርምበትን ወር፣ እንደገና የሚቀባውን ቀለም፣ ተከራይ በተለዋወጠ ቁጥር የሚሰበረውን ሴራሚክ ግን አይቆጥርም። ደላላውን ክፉ ማለት አያስፈልግም። የተከፈለው ሰው ለማስገባት እንጂ ለማኖር አይደለም።

ሁለተኛው የተለመደ መንገድ ዘመድ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ብዙ ቤተሰብ የተቀያየመው እዚህ ላይ ነውና።

ቤይሩት ወይም ዱባይ ሰው ቤት ሠርታ በላከችው ገንዘብ የኮንዶሚኒየም ቤት የያዘች እህት፣ ቤቱን ለወንድሟ አደራ ትላለች። ወንድም ተከራይ ያስገባል፣ ኪራዩን ይቀበላል። ቧንቧ ሲፈነዳ ከሥራ ቀርቶ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል፣ በራሱ ታክሲ ይመላለሳል። ደመወዝ የለውም፤ መጠየቅም ነውር ነው። አንድ ወር የልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ይደርስበትና ከኪራዩ ይወስዳል፤ «በሚቀጥለው እተካለሁ» ይላል። አይተካም። እህትም ከሁለት ዓመት በኋላ መጥታ ሒሳብ ስትጠይቅ ወንድም ይቆጣል፤ «ለእኔ ሒሳብ?» ይላል። የደከመው ድካም እውነት ነው፤ የጎደለው ገንዘብም እውነት ነው። ሁለቱን የሚያመዛዝን አንድ ወረቀት እንኳ የለም። በነጻ የሚሠራ አስተዳዳሪ ውሎ አድሮ የራሱን ክፍያ ራሱ ይተምናል። እህቲቱ ገና ከመጀመሪያው ወንድሟን ቀጥራው፣ ለድካሙ በወር ይህን ያህል ብላ ከፍላው ቢሆን፣ ሒሳብ መጠየቋ እንደ ጥርጣሬ አይቆጠርም ነበር።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ማለትም የ1952ቱ፣ ይህን ጉዳይ በሚያስደንቅ ጥንቃቄ አይቶታል። ወኪል ለወካዩ ፍጹም ቅን መሆን አለበት፤ ከሥራው ያገኘውን ሁሉ ማስረከብና ሒሳብ ማቅረብ ግዴታው ነው። የወካዩን ገንዘብ ለራሱ ጥቅም ካዋለ ወለድ ይከፍላል። ክፍያን በተመለከተም በውል ካልተወሰነ ወኪሉ አበል የሚያገኘው ሥራው ሙያው ሲሆን ወይም ልማዱ ሲፈቅድ ነው። በአጭሩ፣ በወንድምና በእህት መካከል ዝምታ ካለ ሕጉ ሥራውን እንደ ነጻ አገልግሎት ወደ ማየት ያደላል። ዝምታውን መስበር የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ወደ ውክልናው እንምጣ። ብዙ ሰው የሚፈራው «ጠቅላላ ውክልና» የሚለውን ርእስ ነው። ሕጉን ላየው ግን ፍርሃቱ ቦታውን ስቷል። በአንቀጽ 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ ሥልጣን ብቻ ነው፤ ንብረቱን መጠበቅና ማደስ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል። መሸጥ፣ በመያዣ ማስያዝ፣ መስጠት፣ መታረቅ፣ ክስ መመሥረትና መከላከል ሁሉ በቀጣዩ አንቀጽ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃሉ። ታዲያ በውክልና ቤታቸው የተሸጠባቸው ሰዎች ምን ነካቸው? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ከርእሱ በታች ባለው ረጅም ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይገኛል። «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ፣ ስም እንዲያዛውር» የሚሉ ቃላት በተለመደው ናሙና ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ ፈራሚው ቆንስላ መስኮት ላይ ተሰልፎ፣ ከኋላው ሰው እየተገፋ፣ ሳያነብ ይፈርማል። ቤት ለማስተዳደር ከነዚህ ቃላት አንዱም አያስፈልግም። ሰርዟቸው። በምትካቸው የሚያስፈልገው ያልከፈለ ተከራይን ለመክሰስና ጠበቃ ለማቆም የሚያስችል ግልጽ ሥልጣን ነው፤ እሱ ከሌለ አስተዳዳሪው በተከራዩ በር ላይ ቆሞ ከመለመን በቀር የሚያደርገው የለም።

ከውጭ አገር የተላከ ውክልና ኤምባሲ ማኅተም ስላረፈበት ብቻ ሥራ አይጀምርም። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ሕዝቡ ዛሬም ውልና ማስረጃ በሚለው መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። ይህ ሳይጠናቀቅ ተከራይ ማስገባት በባዶ እጅ መፈረም ነው።

አሁን ደግሞ አዲሱ ሕግ። መጋቢት 24 ቀን 2016 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅን አጸደቀ፤ ቁጥሩ 1320 ነው። ከዚያ በፊትም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በኪራይ ጭማሪ ላይ ጊዜያዊ እገዳ እየጣለ ደጋግሞ ያራዝም ነበር። አዋጁ ግን ጉዳዩን ከጊዜያዊነት አወጣው። የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል፤ በ30 ቀን ውስጥ ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ቀርቦ ይመዘገባል፤ ውሉ ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም፤ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ይፋ በሚያደርገው መጠን ነው፤ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ይከፈላል።

ይህን ዝርዝር ከአንቀጽ 2204 ጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ደግሞ ከሦስት ዓመት በላይ ማከራየት አይችልም። የአስተዳዳሪው ሜዳ በሁለቱ መካከል ያለችው ጠባብ ቦታ ናት። «ለአምስት ዓመት ተዋውዬልሃለሁ» ብሎ የሚኩራራ ወኪል ከሥልጣኑ አልፎ ሊሆን ይችላል። «ለስድስት ወር ብቻ አስገብቻለሁ፣ በኋላ እንጨምራለን» የሚለውም ሕጉን አላነበበም። ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ብር በሳምንታት ውስጥ ዋጋው ክፉኛ ሲወርድ፣ በዶላር የሚያስቡ ውጭ አገር ያሉ ባለቤቶች «ኪራዩ ዛሬውኑ ይስተካከል» እያሉ ደወሉ። ቁም ነገር ያለው አስተዳዳሪ በዚያች ሰዓት የሚሰጠው መልስ «ጌታዬ፣ አይቻልም» ነው። እንዲህ ብሎ የሚመልስ ሰው ዋጋው ተወዳጅ ከሆነው ሰው ይበልጣል።

ከአዋጁ ድንጋጌዎች ሁሉ ለዛሬው ጉዳያችን ትልቁ የባንክ ክፍያው ነው፤ ብዙ ባለቤቶች ገና አልተጠቀሙበትም። ኪራዩ ከተከራዩ እጅ ወጥቶ በአስተዳዳሪው ኪስ አድሮ ወደ ባለቤቱ የሚሄድበት ዘመን ሊያበቃ ይችላል። ውሉ ላይ የሚጻፈው የሒሳብ ቁጥር የባለቤቱ ይሁን። ከዚያ ወዲህ አስተዳዳሪው ገንዘብ ተቀባይ መሆኑ ይቀርና ክትትል አድራጊ ይሆናል፤ ገባ አልገባም ብሎ ያጣራል፣ ያልከፈለውን ያስታውሳል፣ የራሱን ክፍያ ከባለቤቱ ይቀበላል። ለጥገና ደግሞ አነስተኛ ገንዘብ በእጁ ይሰጠዋል፤ ከተወሰነ ብር በላይ የሚያስወጣ ሥራ ሲመጣ ሳያስፈቅድ አይሠራም፤ የእያንዳንዱን ዕቃ ደረሰኝ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ በዚያው ቀን ይልካል። እንዲህ ያለው አሠራር ታማኙንም ሰው ይጠብቀዋል። ሐሜት የሚያገኘው ገንዘብ የነካውን ሰው ነውና።

በአሌክሳንድሪያ ያለው ድርጅት የሚሠራውም በመሠረቱ ይህንኑ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ የተከራይ ማስያዣ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ተከራዩ ሲወጣ በ45 ቀን ውስጥ ይመለስለታል፣ የተቀነሰ ካለም ምክንያቱ በዝርዝር ተጽፎ ይሰጠዋል። ፈቃድ ያለው ድርጅት የደንበኞቹን ገንዘብ ለብቻው በተከፈተ የአደራ ሒሳብ ያስቀምጣል፤ ከራሱ ጋር ቢቀላቅል ፈቃዱን ለአደጋ ያጋልጣል። አሜሪካኖቹ ከእኛ የበለጠ ታማኝ ሆነው አይደለም። ገንዘቡ እንዳይቀላቀል ያደረገው የአሠራሩ አጥር ነው።

ክፍያውስ ስንት ይሁን? በአሜሪካ የተለመደው ከተሰበሰበው ኪራይ ከ8 እስከ 12 በመቶ ነው፤ አዲስ ተከራይ ሲገባ ብዙውን ጊዜ የግማሽ ወይም የአንድ ሙሉ ወር ኪራይ ተጨማሪ ይጠየቃል። «ከተሰበሰበው» የሚለው ላይ ጠበቅ ማለት ያስፈልጋል። ቤቱ ባዶ በከረመ ወር አስተዳዳሪውም ባዶ ከሆነ ቶሎ ለማከራየት ይተጋል። አዲስ አበባ ውስጥ የጸና ተመን የለም፤ መደራደር ነው። በወር 40 ሺህ ብር ለሚከራይ ቤት 10 በመቶ 4 ሺህ ብር ይሆናል። በዚህ ገንዘብ ሰውዬው በየሳምንቱ እንዲመላለስ መጠበቅ ስህተት ነው፤ በወር አንድ ጊዜ ቤቱን ጎብኝቶ ሪፖርት እንዲልክ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው። አዲስ ተከራይ ሲገባ የሚሰጠው ተጨማሪ ክፍያ ቢቀነስ፣ ነባሩ ተከራይ ውሉን ሲያድስ የሚሰጠው ቢጨመር የደላላው በሽታ አስተዳዳሪው ላይ አይጋባም።

ሰውዬውን ሲመርጡ ስለ ታማኝነቱ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው፤ ማን አይደለሁም ይላል? ይልቅ ለሌላ ባለቤት ያዘጋጀውን ያለፈውን ወር ሒሳብ ስሙን ሸፍኖ እንዲያሳይ ይጠየቅ። የሚያሳየው ከሌለው ሒሳብ አይጽፍም ማለት ነው። ቀጥሎ፣ ኪራይ የዘገየበት የመጨረሻው ተከራይ ማን እንደነበርና ምን እንዳደረገ ይተርክ። «ዕቃውን አውጥቼ በሩን ቆለፍኩበት» የሚል ጀግና ባለቤቱን ፍርድ ቤት የሚያስገባ ጀግና ነው። ተከራይ ሲመርጥ የሚጠይቀውንም መስማት ጥሩ ነው። «ልጅ አላችሁ? እንግዳ ይበዛባችኋል?» ብሎ የሚጀምር አለ፤ በአዲስ አበባ ልጅ ያለው ሰው ቤት ፍለጋ የሚደርስበትን መንገላታት የማያውቅ የለም። የሚጠቅመው ጥያቄ የሥራ ቦታ ማስረጃና የቀድሞ አከራይ ስልክ ነው።

ቤት የሚፈርሰው በዝርዝር ነገር ስለሆነ የርክክቡ ቀን ረጅም መሆን አለበት። አስተዳዳሪው ከተከራዩ ጋር ክፍል በክፍል ይዞራል። ሶኬቱን ይሞክራል፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቦይለር ያበራል፣ የቁም ሣጥኑን መዝጊያ ይከፍታል፣ የመስኮቱን መስታወት ስንጥቅ ሳይቀር በቪዲዮ ይቀርጻል። የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ንባብ ሁለቱም ይፈርሙበታል። ቆጣሪው የሚታወቀው በባለቤቱ ስም ነውና ተከራይ ሳይከፍል ቢሄድ ዕዳው ግቢው ውስጥ ይቀራል። ሰርቪስ ቤቱና የዘበኛው ክፍልም አይዘለሉም፤ ጠብ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው።

ከዚያ ክረምት ይመጣል። ሰኔ ሳይገባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አሸንዳውን ያላጸዳ አስተዳዳሪ ሐምሌ ላይ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ያያል። በአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው፤ ሌሊት ይመጣል፣ ሮቶውን ይሞላል። ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ከተበላሸ ደግሞ እስኪነጋ ድረስ ይፈስሳል። ኳሱ የሚገዛው በጥቂት ብር ነው። ሳይቀየር ቀርቶ ግድግዳው ሲረጥብ ቀለሙ ይላጣል፣ ሽቦው ውስጥ ውሃ ይገባል፣ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ተከራዩም ቤት መፈለግ ይጀምራል። የአንድ አስተዳዳሪ ብቃት የሚታየው እንዲህ ባለው ነገር ነው።

ግብሩም አይረሳ። የኪራይ ገቢ በሰንጠረዥ «ለ» ግብር ይከፈልበታል፤ የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ ግለሰብ ለጥገናና ለመሳሰለው ከጠቅላላ ገቢው ግማሹን በተቀናሽነት ፈቅዶ ነበር፤ የገቢ ግብር ሕጉ በ2017 ስለተሻሻለ የዘንድሮውን ስሌት ከገቢዎች ማጣራት የአስተዳዳሪው ሥራ ነው። በዚያው በ2017 የንብረት ታክስ አዋጅም ወጥቷል። ውጭ አገር ያለ ባለቤት ቅጣት ተከማችቶ የሚሰማው ቤቱን ሊሸጥ በመጣ ቀን ነው።

በመጨረሻ፣ ስለ መለያየት። ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ ምክንያት መስጠት አይጠበቅበትም። ሆኖም መሻሩን በልቡ ይዞ መቀመጥ ዋጋ የለውም። መሻሪያው ውክልናው በተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ይገባል፤ ተከራዩና ባንኩ በጽሑፍ ይነገራቸዋል፤ ቁልፍ፣ የኪራይ ውል፣ ያለፉት ደረሰኞችና የርክክቡ ቪዲዮ ይመለሳሉ። የቤቱ ካርታ ዋናው ቅጂ መጀመሪያውኑ አስተዳዳሪው ዘንድ መቀመጥ አልነበረበትም።

ሌላው መለያያ ሰው ሊያነሣው የማይወደው ነው። ባለቤቱ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፤ የኪራይ ውሉ ግን በሞቱ ብቻ አይፈርስም። ተከራዩ ቤቱ ውስጥ አለ፣ ኪራዩም በየወሩ ይደርሳል፤ የሚያዝዝ ሰው ግን የለም፣ የሟቹ ሒሳብም ወራሾች ወረቀታቸውን እስኪያስተካክሉ ሊታገድ ይችላል። ዕድሜያቸው የገፋ ባለቤቶች ኑዛዜያቸው ውስጥ ቤቱን ለማን እንደሚያወርሱ ብቻ ሳይሆን ተከራዩ ማን እንደሆነ፣ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ፣ ሰነዱ የት እንዳለ አስጽፈው ቢተዉ ልጆቻቸው ከማያውቁት ተከራይ ጋር በር ላይ አይተዋወቁም። የወራሽነት ማረጋገጫ እንዴት እንደሚወጣ አስቀድማችሁ በጽሑፍ የጠየቃችሁ አላችሁ፤ በጥያቄው ሰዓት እንመለስበታለን።